ወረታ ያልወረደችው መኪና

ጡረታ የወጣሁ ቀን የመሰናበቻ ወረቀቴን ይዤ ከክፍል ክፍል ስዞር ዋልሁ። ንብረት ክፍል የመለስሁትን ዕቃ አንድ በአንድ አየ፤ ቴስተር፣ ሁለት ፒንሳ፣ የካቻቢቴ ስብስብ፣ የባትሪ መለኪያ። መጨረሻ ላይ ከእኔ የሚፈለግ ምንም ነገር እንደሌለ የሚመሰክር ማኅተም መቱልኝ። ወረቀቱን አጥፌ ቦርሳዬ ውስጥ ስከት አፈርሁ። ከእኔ የሚፈለግ ነገር ነበረ፣ እኔም አውቀው ነበር።

በር ላይ ጥበቃው ቆሞ ተሰናበተኝ። ደግ ሰው ነው፣ ምላሱ ግን አያርፍም። እንግዲህ እትዬ አንጓች ከሥራ ካረፉ ቆላም ይወርዱ ይሆናል አለኝ። ቀልዱን የደብረ ታቦር ሾፌር ሁሉ ያውቀዋል። «አንጓች የነካችው መኪና ቆላ አይወርድም» ይባላል። ቆላ የሚሉት ወረታን ነው፤ ለእኛ ለደገኞች ከአለም በር በታች ያለው አገር ሁሉ ቆላ ነው። ስድስት ዓመት ሲቀለድብኝ አብሬ ሥቄያለሁ። የቀልዱን ግማሽ እነሱ ያውቃሉ፣ ሌላውን ግማሽ የማውቀው እኔ ብቻ ነበርሁ። አሁን ሁሉንም እንደነበረ ልጻፈው።

ሥራ የጀመርሁት በመንገድ ጥገና ጋራዥ ውስጥ ነው፤ ያኔ የዕቃ ግምጃ ቤት ጸሐፊ ነበርሁ። ዕቃ ሲወጣ ካርድ ላይ እጽፋለሁ፣ ሲገባ እጽፋለሁ፣ ሌላ ሥራ የለኝም። አንድ ቀን የጋራዡ ኤሌክትሪሻን አያ ላቀው ፊውዝ ሊወስዱ መጡ። ካርዱን አየሁና ለአንድ ገልባጭ መኪና በአንድ ወር ውስጥ አምስተኛ ፊውዛቸው መሆኑን ነገርኋቸው። ይቺ መኪና ፊውዝ ትበላለች ወይስ የሚያስበላት ነገር አለ ብዬም ጠየቅኋቸው። ካርድሽን ዝጊና ነይ አሉኝ። ያን ቀን ከኋላ ፍሬቻው ሥር ቆዳው የተላጠ ሽቦ አብረን አገኘን። ከዚያ በኋላ ወደ ግምጃ ቤቱ የተመለስሁት ቁልፉን ለማስረከብ ብቻ ነው።

አያ ላቀው የቄስ ልጅ ናቸው፤ ድጓ ጀምረው ትተው ነው ወደ መኪና የመጡት። የተማሪ ቤቱ ሥርዓት ግን አልለቀቃቸውም። ኮፈን ከመክፈታቸው በፊት ሾፌሩን አስቀምጠው ሁለት ነገር ይጠይቁታል፤ «የት ያድራል? የት ይውላል?» ሰው ስለ በቅሎ እንደሚጠይቀው ነው የሚጠይቁት። ጉና ሥር የሚያድር መኪና ባትሪው በብርድ ይደክማል፣ ፎገራ ሜዳ የሚውለውን ደግሞ ሙቀትና አቧራ ይበላዋል፤ ሕመማቸው አንድ ቢመስልም መድኃኒታቸው ለየብቻ ነው ይሉ ነበር። ከዚያ ረጅም ካቻቢቴ አንሥተው ጫፉን ሞተሩ ላይ፣ እጀታውን ጆሯቸው ላይ አድርገው ዓይናቸውን ጨፍነው ያዳምጣሉ። ከጨረሱ በኋላ ደግሞ የክምር ድንጋይን ዳገት ሳያወጡት መኪና አያስረክቡም። «ዳገት ጉቦ አይበላም» የሚሏት አነጋገር ነበረቻቸው። ያም ሆኖ «ተሠርቷል» የምትለዋን ቃል መኪናው ከጋራዥ ወጥቶ አንድ ሌሊት ሌላ ቦታ አድሮ፣ ጠዋት መነሣቱን ሳይሰሙ ከአፋቸው አያወጧትም።

ከሁሉም የከበደኝ አምስተኛው ልማዳቸው ነው። ጥፋት ሲያጠፉ ለባለቤቱ ሳይናገሩ እህል አይቀምሱም። አንድ ቅዳሜ የአንድ የጭነት መኪና ዲናሞ በእጃቸው ተቃጠለ። ሽቦ አሳስተው ስለገጠሙ ነው፤ እኔና እሳቸው ብቻ አይተናል። ሾፌሩ ገበያ ወጥቷል። ምሳ ቀርቦ ሳለ ተነሥተው ገበያውን ሙሉ ሲፈልጉት ቆዩ፤ አግኝተውት፣ ነግረውት፣ ተሰድበው ሲመለሱ ዘጠኝ ሰዓት ሆኗል። ወጡ ቀዝቅዟል። ለምን እንዲህ ይለፋሉ ብላቸው፣ «ጥፋት ከእህል ጋር ሆድ ከገባ አይወጣም» አሉኝ። ያኔ የቄስ ልጅ ወግ መስሎኝ ነበር።

አለቆቼን ብዙ አላነሣም፤ ያለፈው አልፏል። አንደኛው ወረቀት የሚወድ ነበር፣ ያልተፈረመበት ብሎን እንኳ አያስወጣም። ሌላው ሴት ኮፈን ሥር መግባቷ መሥሪያ ቤቱን ያዋርዳል ብሎ የሥልጠና ደብዳቤዬን መሳቢያው ውስጥ ሁለት ዓመት አሳደረው። ሥልጠናውን አያ ላቀው መሬት ላይ በጠመኔ እየሣሉ ሰጡኝ። እልኸኛ ያደረገኝ ያ ሰውዬ ነው፤ አንድ ስህተት ብሠራ «አላልሁም?» እንደሚል ስለማውቅ ስህተት ላለመሥራት ማልሁ። መሐላው መጥፎ አልነበረም። ክፋቱ፣ ከጊዜ በኋላ ስህተት አለመሥራትን ትቼ ስህተት አለመታየትን መጠበቅ መጀመሬ ነው።

ነፋስ መውጫ ካምፕ ሦስት ክረምት ሠርቻለሁ። እዚያ ስሜን ያስጠራኝ አንድ ግሬደር ነው። ጠዋት ጠዋት አልነሣ ይላል፤ ባትሪ ሁለት ጊዜ ተቀይሮለታል፣ ዲናሞው ተፈቷል፣ ጉና ብርዱን ጣለበት ተብሎ ተትቷል። እኔ እንደ አያ ላቀው የት ነው የሚያድረው ብዬ ጠየቅሁ። ከዘበኛው ጎጆ ጀርባ ነው አሉኝ። ሄጄ ሳይ ከባትሪው የተሳበች ቀጭን ሽቦ በሣሩ ሥር ሄዳ ጎጆው ውስጥ አምፖል ታበራለች። ዘበኛው እግሬ ላይ ሊወድቅ ደረሰ። ለአለቃው ሽቦ ተፈትቶ ነበር ብዬ አለፍሁት፣ ለዘበኛውም ከአሮጌ ባትሪ ለብቻው መብራት ሠራሁለት። ከዚያ ወዲህ ከጋይንት እስከ ደብረ ታቦር መኪና ባልነሣ ቁጥር አንጓች ትጠራ ይባል ጀመር።

አያ ላቀው ጡረታ ሲወጡ ሥራው ራሱ መልኩን እየለወጠ ነበር። ካርቡራተር ጠፋ፣ ሁሉም መኪና ኮምፒውተር ይዞ መጣ። ካቻቢቴ ጆሮ ላይ ማድረግ ብቻውን የማይበቃበት ዘመን ነው። ከደመወዜ ቆጥቤ ላፕቶፕና ከመኪና ኮምፒውተር ጋር የሚያገናኝ ገመድ ገዛሁ፤ ኔትወርክ በመጣ ቁጥር አነበብሁ። በኀምሳ ዓመቴ እንደ ፊደል ቆጣሪ ሆንሁ። ደስ ብሎኝ ነበር፣ ትንሽም ኮርቼ ነበር።

አቶ ስንታየሁ ወደ እኔ የመጡት በኩራቴ ሰሞን ነው። የገብስ ነጋዴ ናቸው፤ በረዳትነት ጀምረው ሾፌር ሆነው፣ ከዚያ የጭነት መኪና ባለቤት የሆኑ። ገንዘብ ሲይዙ ሰው ሁሉ ፎቅ ይሠራሉ ብሎ ሲጠብቅ እሳቸው ቀይ፣ ሁለት በር ያላት፣ መሬት ለመሬት የምትሄድ ባለ ቱርቦ የስፖርት መኪና ገዝተው መጡ። ከተማው ሣቀባቸው። እሳቸው ግን በረዳትነት ዘመናቸው ናዝሬት መንገድ ላይ እንዲህ ያለች አልፋቸው ስትሄድ አይተው ከዚያ ቀን ጀምሮ ሲመኟት ኖረዋል። ጉልበት ጨምሪልኝ አሉኝ።

ቱርቦ ምን እንደሆነ ላላወቀ ልናገር። ከሞተሩ በሚወጣው ጭስ ጉልበት የሚሽከረከር፣ አየር አፍኖ ወደ ሞተሩ የሚያስገባ ማራገቢያ ነው። በደጋ አየሩ ስስ ስለሆነ ሌላው መኪና ሲያለከልክ ባለ ቱርቦው ይወጣዋል። ኮምፒውተሩ የገባውን አየር ለክቶ የሚመጥነውን ቤንዚን ያዛል፤ ፋብሪካው ከወሰነው ግፊት ካለፈ ደግሞ ለሞተሩ ደኅንነት ቤንዚን ይቆርጣል። እኔ ያን ጊዜ የመረጥሁት ከመለኪያውና ከኮምፒውተሩ መካከል የሚገባ ትንሽ ሣጥን ነው። ሣጥኑ የአየሩን ግፊት አሳንሶ ለኮምፒውተሩ ይነግረዋል፤ ኮምፒውተሩ ምንም የበዛ ሳይመስለው ቱርቦው አብዝቶ ይነፋል። በሁለት ቀን የሚያልቅ ሥራ ነው። የጎደለውን ቤንዚን በደብረ ታቦር አየር ልክ አስተካክዬ ሞላሁ።

አቶ ስንታየሁን የት ታድራለች ብዬ ጠይቄያለሁ፤ ደብረ ታቦር አሉኝ። የት ትውላለች የሚለውን ዘለልሁት። ከዚያ በክምር ድንጋይ ዳገት ስድስት ጊዜ አወጣኋት። ስድስቱንም ጊዜ እንደ ወፍ በረረች። ቁልቁል ስንመለስ ላፕቶፑን ዘግቼ ጨዋታ ይዤ ነበር። የደጋ ሰው ቁልቁለትን ፈተና ብሎ አያውቅም፤ ለቁልቁለት ፍሬን ይበቃል።

አንድ የግንቦት ቀን አቶ ስንታየሁ ወረታ ወረዱ። እዚያ አቶ መልካሙ የሚባሉ አበልጅ አሏቸው፤ የልጃቸው የክርስትና አባት ናቸው፣ ትንሽ ቤንዚን ማደያም አላቸው። አቶ ስንታየሁ እነሱ ቤት ውለው፣ ከማደያው ቤንዚን ሞልተው ሲወጡ በሩዝ ማሳዎቹ መካከል ባለው ቀጥ ያለ መንገድ ላይ መኪናዋን አስጋለቧት። መጀመሪያ ጣሳ ውስጥ ጠጠር የሚንኳኳ የሚመስል ድምፅ ሰሙ፣ ከዚያ ነጭ ጭስ፣ ከዚያ ዝም።

በጭነት መኪና ወርጄ ቤንዚኑን የሚለኩሱትን ካንዴላዎች ፈታሁ። ሦስቱ ደኅና ናቸው። አራተኛው ጫፉ ቀልጧል፣ ነጩ ሸክላ ላይ የአልሙኒየም ብናኝ ተረጭቶበታል። የፒስተኑ ሥጋ ነበር። ለማወቅ አንድ ደቂቃ አልፈጀብኝም፤ ሜዳው ላይ አየሩ ወፍራም ነው፣ ሙቀትም አለው፤ ቱርቦው በደብረ ታቦር ከሚያስገባው የበለጠ አየር አስገብቷል፣ ሣጥኔ ግን ለኮምፒውተሩ ሲዋሽ ነበር። ቤንዚን ያነሰው እሳት ከልክ በላይ ይግላል፤ ፒስተኑን በሳው። ካንዴላውን በእጄ ይዤ ቆምሁ።

አቶ ስንታየሁ ፊታቸው ጠቁሮ መጡ። ገና ሳልናገር፣ «አሁን ነው የቀዳሁት። ቤንዚኑ ይሆን እንዴ?» አሉ።

«ይሆናል» አልሁ።

አንዲት ቃል ናት። ካንዴላውን ኪሴ ከተትሁት። መኪናዋን ጭነን ወደ ደብረ ታቦር ስንመለስ አለም በር ላይ ቆመን ምሳ በላን። በላሁ።

የዚያች ቃል ፍሬ ቀስ እያለ ነው የደረሰኝ። አቶ ስንታየሁ በማግስቱ ወርደው አበልጃቸውን ምን ቀላቅለህ ሸጥህልኝ አሏቸው። አቶ መልካሙ ማሉ፤ በልጁ ክርስትና ማሉ። አልታመኑም። ወሬው ወደ ላይ ወጣና የደብረ ታቦር ሾፌሮች ከዚያ ማደያ መቅዳት ተዉ። አቶ ስንታየሁ ወረታን አልፈው መሄድ ግድ ሲሆንባቸው በጄሪካን ቤንዚን ይዘው ይወርዱ ጀመር። ቀይዋ መኪና ግቢያቸው ውስጥ ሸራ ለበሰች። ቀልዱም የተወለደው ያኔ ነው፤ አንጓች የነካችው መኪና የቆላ ቤንዚን አይስማማውም ተባለ። በሦስተኛው ዓመት ልጃቸው ሲዳር እኔም ተጠርቼ ነበር። ድንኳኑ ውስጥ ተቀምጬ ሳለ አጠገቤ ያለችው ሴት የክርስትና አባቱ አለመጠራቱን በሹክሹክታ ነገረችኝ። የጠቀለልሁትን ጉርሻ ትሪው ላይ መለስሁት። ያን ቀን መናገር ነበረብኝ። ያ የድሮ አለቃዬ በሕይወት ያለ ይመስል «አላልሁም?» የሚለው ድምፅ ጆሮዬ ላይ ጮኸ፤ ዝም አልሁ። ፈሪ ነበርሁ፣ ሌላ ስም የለውም።

ጡረታ በወጣሁ በሳምንቱ አቶ ስንታየሁ ቤቴ መጡ። የባሕር ዳር ደላላ መኪናዋን በታትኖ ዕቃዋን ሊሸጥ ሊወስዳት ነው። ልባቸው ግን አልቆረጠም፤ ወረቀት ይዘዋል፣ የድሮውን ኮምፒውተር ነቅሎ ሙሉ በሙሉ የሚተካ አዲስ ኮምፒውተር እንዳለ ሰምተዋል። አሁን ጊዜ አለሽ፣ እይና ምረጪልኝ፣ ያልሽውን እገዛለሁ አሉኝ። ለደላላው የሰጡት ቀጠሮ ዐሥራ አምስት ቀን ነው።

ወረቀቱን ዘርግቼ አንድ ቀን ሙሉ አየሁት። ሳልዋሽ መምረጥ አልቻልሁም። የትኛው ይሻላል ለማለት የመጀመሪያው ለምን እንደሞተ መናገር ያስፈልጋል። ተነሥቼ አያ ላቀው ዘንድ ሄድሁ።

ሰማንያን አልፈዋል፤ ዕድሜ ልካቸውን ሞተር ያዳመጡበት ጆሮ ዛሬ አይሰማም። ጆሯቸው ሥር ሆኜ ከዳገቱ እስከ «ይሆናል» ድረስ ነገርኋቸው።

«ዳገቱ አልዋሸሽም» አሉ። «ቁልቁለቱን አልጠየቅሽውም። እኔም ጠይቂ ብዬ አላስተማርሁሽ፤ ያቺ ድርሻ የኔ ናት። ቃሏ ግን ያንቺ ናት። ለኔ መንገርሽ ምን ይረባኛል፣ የበደልሽው እኔን ነው?»

በማግስቱ ቁርስ ሳልቀምስ የአቶ ስንታየሁ የእህል መጋዘን ገባሁ። ስድስት ዓመት መሳቢያዬ ውስጥ የኖረውን ካንዴላ ሚዛናቸው አጠገብ አስቀመጥሁት። ሣጥኑ የዋሸውን፣ እኔ የዋሸሁትን፣ ቤንዚኑ ንጹሕ እንደነበረ ሁሉንም ነገርኋቸው። ካንዴላውን አንሥተው ብርሃን ላይ አዩት። የሚጮሁ መስሎኝ ነበር።

«ልጄን ስድር አበልጄ ድንኳኔ ውስጥ አልነበረም» አሉ። «ይኸን የምትተኪልኝ በምንድን ነው?»

ሂጂልኝ አሉኝ፤ ሄድሁ። ስምንት ቀን ሳይመጡ ቀሩ። እኔ ግን ሥራ አልፈታሁም፤ ባይሰጡኝም ምርጫዬን ጨርሼ ልጠብቃቸው ብዬ ቆረጥሁ። በዘጠነኛው ቀን በሬ ላይ ቆሙ፣ አልገባም አሉ።

«ደላላውን መልሼዋለሁ። ሥሪያት» አሉ። «ወረታ ስንደርስ ግን አፉን የሚከፍት እኔ አይደለሁም። አንቺ ነሽ።»

እሺ አልሁና ምርጫዬን እዚያው በር ላይ ነገርኋቸው። ሣጥን ከእንግዲህ እጄ አይነካም። እሳቸው የፈለጉት ሙሉ አዲስ ኮምፒውተር ከሁሉም የበለጠ ጉልበት ያወጣል፣ እውነት ነው። ግን ባዶውን ነው የሚመጣው፤ በጉና ብርድ እንዴት እንደሚነሣ፣ በፎገራ ሙቀት እንዴት እንደሚተነፍስ ሁሉንም ከሀ ጀምሮ የሚያስተምረው ሰው ይፈልጋል። እኔ ነገ ብታመም በደቡብ ጎንደር የሚነካው የለም። የድሮው የፋብሪካ ኮምፒውተር ግን የውጭውን አየር ክብደት የሚለካ አፍንጫ አለው፣ የዚያን የጠጠር ድምፅ የሚሰማ ጆሮም ሞተሩ ላይ ተሰክቶለታል። ደጋና ቆላን መለየት ያውቅ ነበር፤ ሣጥኔ ነው ዓይኑን የሸፈነበት። ስለዚህ እሱኑ ይዘን፣ ውስጡ ያለውን የአየርና የቤንዚን ሠንጠረዥ በገመድ አውጥተን፣ አርመን፣ መልሰን እንጽፋለን።

አቶ ስንታየሁ ስንት የፈረስ ጉልበት ትጨምራለች አሉ። ካለፈው ጊዜ እንደምታንስ ነገርኋቸው። በተለይ ጉና ላይ ታንሳለች፤ በስስ አየር ያንኑ ግፊት ላምጣ ካለ ቱርቦው ከልኩ በላይ ይሽከረከርና ራሱን ይገድላል፣ ስለዚህ ከፍታ በጨመረ ቁጥር ግፊቱ እንዲቀንስ አድርጌ ነው የማስጽፈው። ከአገራቸው ዳገት ላይ ጉልበት መቀነሴ አልዋጥላቸው አለ። ተከራከሩኝ። ሰውም ጉና ላይ ይደክመዋል፣ አይሞትም እንጂ አልኋቸው። ከዚህ በላይ ካሉ ሌላ ሰው ይፈልጉ አልሁ፤ ምራቃቸውን ዋጡና ተስማሙ።

ፒስተኖቹና የሞተር ማሸጊያው ጓርኒሲዮን ከአዲስ አበባ እስኪመጡ አንድ ወር ሄደ። ሞተሩን ገጠምን። ሠንጠረዡን የምታርመው አዲስ አበባ ያለች ሰናይት የምትባል ባለሙያ ናት፤ በአካል አይቻት አላውቅም። እኔ መኪናዋን እየነዳሁ ኮምፒውተሩ የሚመዘግበውን እልክላታለሁ፣ እሷ አርማ ትመልስልኛለች። ኔትወርክ ሲጠፋ ቀናት እንጠብቃለን፣ መንገድ ሲዘጋም እንጠብቃለን። ሰናይት በመጀመሪያው መዝገብ ተገርማ ደወለች፤ ሰው ሁሉ ሲወጣ ይመዘግባል፣ አንቺ ግን ስትወርጂም መዝግበሻል አለችኝ። ሁለቱንም ስጪኝ አልኋት። ክምር ድንጋይ ወጣሁ፣ ወረድሁ። አለም በር ድረስ ወረድሁ፣ ወጣሁ። ሁሉም ሲደመር ሠንጠረዡ ዐሥራ አንድ ጊዜ ተጻፈ። በዘጠነኛው ላይ እኔ በቃኝ ብል ደስ ባለኝ ነበር፤ አንድ ቦታ ላይ ግን ኮምፒውተሩ የጠጠሯን ድምፅ ሁለት ጊዜ ሰምቷል። ሁለት ጊዜ ምንም አይደለም የሚል መካኒክ አለ። እኔ እሱን ነበርሁ።

የቀረው ወረታ ነው። ሆን ብዬ ግንቦትን ጠበቅሁ፣ ሆን ብዬ የቀትር ፀሐይን መረጥሁ። አቶ ስንታየሁ ይነዳሉ፣ እኔ ላፕቶፑን ጉልበቴ ላይ ይዤ ጎናቸው ተቀምጫለሁ። ከጠዋት ጀምሮ ውኃ ብቻ ነው የጠጣሁት። አለም በርን አልፈን ሙቀቱ በመስኮት ሲገባ ሁለታችንም ጨዋታ አቆምን። የሩዝ ማሳዎቹ ጋ ስንደርስ ቦታዋን አወቅኋት። እሳቸውም አወቋት፤ እግራቸውን ከነዳጁ ላይ አነሡ።

«አይቀንሱ» አልኋቸው። «በሦስተኛ ማርሽ ያድርጉና እስከ ወለሉ ይርገጡት።»

አዩኝ። ከዚያ ረገጡት። መኪናዋ ጀርባችንን ወንበሩ ላይ ለጠፈችው። መንገዱን አላየሁም፤ ዓይኔ የጠጠሯ ድምፅ በምትመዘገብበት መስመር ላይ ነበር። ቱርቦው ሞላ፣ ቤንዚኑ ተከተለው፣ መስመሯ ምንም ሳታሳይ ዜሮ ላይ እንደተኛች ቀረች። ይድገሙ አልሁ፤ ደገሙ። ሦስተኛም። ዜሮ። አቶ ስንታየሁ በእጃቸው ጀርባ ዓይናቸውን ጠረጉ፣ ላብ ነው አሉ።

ማደያው በር ላይ ቆምን። አቶ መልካሙ ጥላ ሥር ተቀምጠው ነበር። ቀይዋን መኪና ሲያዩ ተነሡ፣ ግን አልመጡም። እኔ ወርጄ ሄድሁ። ማን እንደሆንሁ ነገርኋቸው፤ አቶ ስንታየሁ የመለሱልኝን ካንዴላ ሰጠኋቸው፤ ቤንዚናቸው ንጹሕ እንደነበረ፣ ሞተሩን የገደልሁት እኔ እንደሆንሁ፣ ስጠየቅም «ይሆናል» ማለቴን ተናገርሁ። ሁለት ሾፌሮች ቆመው ይሰማሉ። ይስሙ አልሁ በልቤ፤ ወሬው በሾፌር ወጥቷል፣ በሾፌር ይውረድ።

አቶ መልካሙ እኔን አላዩኝም። ወደ አቶ ስንታየሁ ነው የዞሩት።

«ቤንዚኔን ጠረጠርህ፣ ይሁን» አሉ። «መሐላዬንስ?»

አቶ ስንታየሁ ከመኪናዋ ወጥተው ነበር። ያ ገበያ የሚያንቀጠቅጥ ሰው አንገቱን ደፍቶ፣ በሷ ቃል አላሳብብም፣ አለማመኔ የራሴ ነው፤ ይቅር ለእግዚአብሔር አለ። ከዚያ አቶ መልካሙ ቀጂውን ልጅ በእጃቸው ገለል አድርገው የቤንዚኑን ቱቦ ራሳቸው አነሡ።

«ስንት ላድርግ?»

«ሙላት» አሉ አቶ ስንታየሁ።

ሲሞላ ቆመው አብረው አዩት። ከጨረሱ በኋላ አቶ መልካሙ ቤት ገብታችሁ እህል ሳትቀምሱ አትሄዱም አሉ፤ ያሉት በብዙ ቁጥር ነው፣ ግን አሁንም ዓይናቸውን አልሰጡኝም። ስድስት ዓመት ያስቀረሁባቸውን ደንበኛና የክርስትና ልጃቸውን ሠርግ በአንድ ቀን ይርሱልኝ ማለት ድፍረት ነው። አቶ ስንታየሁን በቀስታ እዚሁ ይደሩ፣ ጠዋት መኪናዋ ስትነሣ ይደውሉልኝ አልኋቸው። እኔ መናኸሪያ ሄጄ ዳቦ ገዛሁ፣ ሚኒባስ ውስጥ ሆኜ በላሁት። የጣፈጠኝን ያህል ምንም ጣፍጦኝ አያውቅም።

በማግስቱ ረፋዱ ላይ አያ ላቀው ደጃቸው ላይ ፀሐይ ሲሞቁ አገኘኋቸው። ስለ ኮምፒውተሩም ስለ ሠንጠረዡም አልጠየቁኝም። ጆሯቸው ሥር እስክጠጋ ጠብቀው እንደ ልማዳቸው ጀመሩ።

«የት አደረች?»

«ወረታ» አልሁ ድምፄን ከፍ አድርጌ፣ «አበልጅ ቤት።»

«ጠዋትስ ተነሣች?»

«ተነሥታለች። ደውለውልኛል።»

ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ከዘራቸውን ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው አዛወሩ።

«እንግዲያው ተሠርታለች» አሉ።